ሬሳው ከጓሮ፣ ኩኪሱ ከምድጃ

ሰው ተገድሏል። ወተት አመላላሹ በዳቦ ቤቱ ጓሮ ሞቶ ተገኝቷል፤ ዙሪያውን ኩኪስ ተበታትኗል። ሬሳውን ያገኘችው የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሐና ስዌንሰን ናት፤ ኩኪሱን የጋገረችውም እሷው። አንባቢ ትንፋሹን ውጦ፣ «አሁን ፖሊስ መጣ» እያለ ገጽ ሲገልጥ የሚቀበለው ቅቤ ነው። ቅቤውን አቅልጡ፣ ስኳሩን ጨምሩ፣ ዕንቁላሉን ምቱ፣ ምድጃውን አስቀድማችሁ አሙቁ። ሟች ይጠብቃል፤ የት ይሄዳል?

ይህ አሜሪካዊቷ ጆአን ፍሉክ በ2000 ያሳተመችው «ቾኮሌት ቺፕ ኩኪ መርደር» የተሰኘው ልቦለድ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ከዚያ ወዲህ ሐና ከሃያ በሚበልጡ መጻሕፍት ውስጥ በአንድ እጇ እየጋገረች በሌላው ገዳይ ስትይዝ ኖራለች። ከተማዋ ሌክ ኢደን ትባላለች፤ ሚኒሶታ ውስጥ ያለች የፈጠራ ከተማ ናት። ሁሉ ሁሉን የሚያውቅባት፣ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠይቅባት፣ ፍጹም ሰላም የሰፈነባት ናት፤ በየመጽሐፉ ሰው ከመገደሉ በስተቀር። እኔ የዚያች ከተማ ነዋሪ ብሆን ሐና ኬክ ይዛ ወደ ቤቴ ስትመጣ ያየኋት ቀን ሻንጣዬን አስር ነበር። አንድ የጥርስ ሐኪምና አንድ ፖሊስ ግን «እኔ ላግባት፣ እኔ ላግባት» እያሉ ይሻሙባታል። ኩኪስ የማያስረሳው ነገር የለም።

ባለቤቴ እንዲህ ያሉ መጻሕፍትን የምታነበው በራሷ ሥርዓት ነው። ምርመራውን እየዘለለች አሠራሩን ብቻ ታነባለች። ጨርሳ ስትከድነው «እንዴት ነው?» ብላት፣ «ጥሩ ነው፣ ስኳሩ ግን በዝቷል» ትላለች። ገዳዩ ማን ሆኖ እንደተገኘ ስጠይቃት ደግሞ «እኔ እንጃ፣ ተያዘ መሰለኝ» ነው መልሷ። እኔ በተራዬ አሠራሩን እየዘለልኩ ገዳይ ሳሳድድ አመሻለሁ። በመጨረሻ ገዳዩን እኔ አውቃለሁ፣ ኬኩን እሷ ታውቃለች፤ አንዱን መጽሐፍ ለሁለት ተካፈልነው ማለት ነው። ማን እንደተጠቀመ ጎረቤት ይፍረድ። እስካሁን ስለ ገዳዩ ሊጠይቀኝ በር ያንኳኳ ጎረቤት የለም።

ሳስበው ግን እሷ የያዘችው የመጽሐፉን እውነተኛ ክፍል ነው። ልቦለድ ጸሐፊ እንዳሻው ይዋሻል፤ ፈቃድ አለው። «ልቧ በፍቅር ቀለጠ» ብሎ ቢጽፍ፣ በስንት ዲግሪ ነው የቀለጠው ብሎ የሚሟገተው የለም። «ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አደረ» ቢል፣ እንባው ስንት ሲኒ ሞላ ተብሎ አይጠየቅም። «ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር» ብሎ የጻፈ ቀን ግን ነገር ተበላሸ። ምድጃ ያለው፣ መብራትም ያልጠፋበት አንባቢ ሁሉ ዳኛ ሆኖ ይሰየምበታል።

በ2020 አየርላንዳዊው ጆን ቦይን ላይ የደረሰው ይኸው ነው። «ዘ ቦይ ኢን ዘ ስትራይፕት ፓጃማስ» በሚለው መጽሐፉ ዓለም ያወቀው ደራሲ ነው፤ እንግዲህ ጀማሪ አይደለም። «ኤ ትራቨለር አት ዘ ጌትስ ኦፍ ዊዝደም» በተሰኘውና ብዙ ዘመናትን በሚያቋርጠው ልቦለዱ ውስጥ፣ በአቲላ ዘመን የሚኖር ልብስ ሰፊ ጨርቅ ቀይ የሚያቀልምባቸውን ነገሮች ይዘረዝራል። በዝርዝሩ መካከል የኦክቶሮክ ዓይን፣ የቀይ ሊዛልፎስ ጭራና አራት የሃይሊያ እንጉዳይ ገብተዋል። እነዚህ በአቲላ ዘመን አልነበሩም። በማንም ዘመን አልነበሩም። ያሉት «ዘልዳ» በሚባለው የኔንቲዶ ቪዲዮ ጌም ውስጥ ብቻ ነው። ደራሲው ቀይ ቀለም እንዴት እንደሚሠራ ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የመጣለትን ተቀብሎ አስገባ። አርታኢውም አላየው፣ አራሚውም አላየው፤ ጌሙን የሚያውቁ አንባቢዎች ግን ያዙት። ለነገሩ ቦይን አልተከራከረም፤ ስቆ፣ እንዳለ ይቀመጥ አለ። መጽሐፉ ውስጥ ስለ ፍቅር፣ ስለ በቀል፣ ስለ ሞት የተጻፈውን ሁሉ ማንም እውነት ነው ሐሰት ነው ብሎ አልመረመረም። እንጉዳዩ ነው ያጋለጠው።

የሐናን ኬክ አዲስ አበባ ላይ እፈትናለሁ ላለ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ተሰቅላ ነው የምትኖረው። እዚህ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሊጡ ውስጥ ያለው ጋዝ ያለ ከልካይ ይነፋል። ስለዚህ ኬኩ ገና ሳይጠና ብድግ ይላል፣ ከዚያ መሐሉ ይሰምጣል፤ ልክ እንደ አንዳንድ ሰው ሹመት። መፍትሔው ለጋጋሪ ሁሉ የታወቀ ነው፤ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር፣ እሳቱን ከፍ ማድረግ። ሚኒሶታ ግን ዝቅ ያለ አገር ነውና ሐና ይህን ታስበዋለች ብላችሁ አትጠብቁ። ለእኛ የምትቀርበው የዳያን ሞት ዴቪድሰን ባለታሪክ ጎልዲ ናት፤ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ድግስ እያዘጋጀች የምትተዳደር ሴት። በ1990 በወጣው የመጀመሪያ መጽሐፏ ግን ከቀብር መልስ ላሉ ለቀስተኞች ባቀረበችው ማዕድ ላይ የቀድሞ ባሏ አባት በአይጥ መርዝ ተመርዞ ተገኘ፤ ፖሊስም ሥራዋን አዘጋባት። እኛ ዘንድ ቢሆን ከፖሊስ በፊት እድሩ ይደርስባት ነበር። ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ወንበሩን ሰብስቦ፣ ቅጣቱን ጽፎ።

የሜክሲኮዋ ላውራ እስኪቬል ከዚህ ሁሉ ፈተና የምታመልጥበትን ዘዴ አገኘች። ማንም መዝኖ ሊደርስበት የማይችል ነገር ሊጡ ውስጥ ጨመረች፤ የጋጋሪዋን እንባ።

በ1989 የወጣው መጽሐፏ በስፓኒሽ «ኮሞ አጉዋ ፓራ ቾኮላቴ» ይባላል። 12 ምዕራፍ አለው፤ ምዕራፎቹ ከጥር እስከ ታኅሣሥ በፈረንጆቹ ወር ተሰይመዋል፤ እያንዳንዱ የሚከፈተው በአንድ አሠራር ነው። ባለታሪኳ ቲታ የተወለደችው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። እናቷ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ልጅቱ ገና በሆድ ሳለች በሽንኩርቱ ታለቅስ ነበርና ያለ ጊዜዋ በእንባ ጎርፍ ተጥለቅልቃ ወጣች። እንባው ሲደርቅ ምግብ አብሳይዋ ናቻ ወለሉን ጠርጋ ያፈሰችው ጨው አምስት ኪሎ የሚይዝ ጆንያ ሞላ፤ ቤቱም ለብዙ ጊዜ ወጥ ሠራበት። ዶሮ ወጥ ላይ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ተአምር አይመስለውም። የፋሲካ ዋዜማ የእኛ ቤት ሴቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ጨውን መጥረግ ማን አስቦት።

በቤተሰቡ ልማድ የመጨረሻዋ ሴት ልጅ አታገባም፤ እናቷን እስከ ዕለተ ሞቷ ስትጦር ትኖራለች። የመጨረሻዋ ደግሞ ቲታ ናት። የሚወዳት ፔድሮ ሊያገባት ሽማግሌ ቢልክ እናትየው «ታላቋን ውሰድ» አለችው። ወሰደ! «ቲታ አጠገብ ለመኖር ብዬ ነው» ነው የሚለው። ወንድ ልጅ ሰበብ አያጣም፤ አንባቢ ግን ከዚያች ገጽ በኋላ ፔድሮን እንደ ድሮው ማየት ያቅተዋል። የሰርጉን ኬክ እንድትጋግር የታዘዘችውም ራሷ ቲታ ናት። አሠራሩ 17 ዕንቁላል ይላል፤ ተጋባዡ 180 ስለሆነ አሥር እጥፍ ይሆንና 170 ዕንቁላል ይሰበራል። (በዛሬው የዕንቁላል ዋጋ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ሙሽራው በሆነ።) እያለቀሰች አቦካችው፤ እንባዋ ሊጡ ውስጥ ገባ። በማግስቱ ኬኩን የቀመሰ ተጋባዥ ሁሉ ያጣውን ፍቅር እያስታወሰ ስቅስቅ ብሎ ያለቅስ ጀመር፤ ከለቅሶው ቀጥሎ ማስመለስ መጣ፤ ግቢው የሰርግ ግቢ መምሰሉ ቀረ። ክሬሙን አስቀድማ የቀመሰችው ናቻ የዱሮ እጮኛዋን ፎቶግራፍ እንዳቀፈች ሞተች። እናትየው «የሆነ ነገር ጨምራበት ነው!» ብላ ልጅቱን ደበደበቻት። ምን ትበል? እኛም ብንሆን «አቅምሳቸው ነው» ከማለት ወደኋላ የምንል አይመስለኝም።

ሰኔ ላይ ስትደርሱ ምዕራፉ የሚከፈተው በምግብ አይደለም። በክብሪት አሠራር ነው፤ ፎስፈረስ፣ ሙጫ፣ ካርቶን። ባለቤቴ እዚህ ስትደርስ መጽሐፉን አስቀመጠችው። «ይህንንስ ሱቅ እገዛለሁ» አለች።

በ1992 አልፎንሶ አራው፣ ያኔ የደራሲዋ ባል የነበረው፣ ፊልም አደረገው፤ ዓለምም በፊልሙ በኩል መጽሐፉን አወቀው። እኔ ግን ያንን በወር በወር የመከፋፈል ነገር ካነበብኩ ወዲህ አእምሮዬ ሥራ አልፈታም። አንድ የእኛ ደራሲ ይህን ቅርጽ ቢዋስ ምን ይገጥመዋል? አንደኛ፣ ምዕራፉ 13 ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን ናትና ምዕራፏ አምስት ገጽ ትሆናለች፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ገጽ ይጨመርላታል፤ አሳታሚው «ይህቺስ ዋጋ የላትም» ብሎ ይከራከራል። ሰርጉ ጥር ላይ ይውላል፤ ደግ ነው። ጥር ካለፈ በኋላ ግን ሁዳዴ ይመጣል። 55 ቀን ዕንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ፣ ወተት የለ፣ ሰርግ የለ። ሁለት ሙሉ ምዕራፍ ባለታሪኳ ምን ላይ ታልቅስ? ሽሮ ላይ? እንባዋ ሽሮው ውስጥ ቢንጠባጠብ በላተኛው «ዛሬስ ጨው በዛ» ብሎ ያልፈዋል እንጂ የዱሮ እጮኛውን አያስታውስም።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ የምትበልጠው ኖራ ኤፍሮን ናት። በ1983 ያወጣችው «ኸርትበርን» በእኛ «ቃር» መሆኑ ነው። ባለታሪኳ ሬቸል የምግብ መጽሐፍ ጸሐፊ ናት፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ ባሏ ሌላ ሴት እንደወደደ ትደርስበታለች። ኤፍሮን ይህን የቀዳችው ከራሷ ትዳር ነው። የእሷ ባል ደግሞ ካርል በርንስቲን ነበር፤ ከቦብ ውድዋርድ ጋር ሆኖ የዋተርጌትን ጉድ ፈልፍሎ ያወጣው ጋዜጠኛ። ፕሬዚዳንት ያጋለጠ ሰው በድንች አሠራር መካከል ተጋለጠ። ሬቸል እያለቀሰች ታወራለች፣ እያወራች ታበስላለች፤ «ለመሆኑ ይህን አሠራር አልነገርኳችሁም» ትልና ከክህደቱ መሐል ወደ ድስቱ ትገባለች። ፍቅር ሲጀማምር የምትሠራው ኮሽ ኮሽ የሚል የተጠበሰ ድንች ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ አልጋ ላይ ተቀምጣ የምትበላው በቅቤ የተፈጨ ድንች። መጨረሻ ላይ በእንግዳ ፊት፣ በራት ሰዓት፣ የሎሚ ፓይ አንስታ ባሏ ፊት ላይ ለጠፈችው። በ1986ቱ ፊልም ሜሪል ስትሪፕ ለጥፋ፣ ጃክ ኒኮልሰን ተለጥፎበታል።

እኔን የያዘኝ ግን ፓይው አይደለም። የሰላጣ ማጣፈጫዋ ነው። ሁለት ማንኪያ ሰናፍጭ፣ ሁለት ማንኪያ ቀይ የወይን ኮምጣጤ፤ እየመቱ ስድስት ማንኪያ የወይራ ዘይት ቀስ በቀስ። ልጅ የሚሠራው ነገር ነው። ባልየው ግን ይህቺን ይወዳል፣ አሠራሩን አያውቅም፤ እሷም ሆን ብላ አላሳየችውም። ሌላው ሁሉ ቢያልቅበት ለማጣፈጫው ሲል ይመለስ ይሆናል ብላ። አሠራሩን የምታስረክበው ትዳሩ እንዳበቃለት ስትቆርጥ ነው። ጠበቃም ዳኛም ያን ያህል አላፋታቸውም።

ይህን ዘዴ የምታውቅ አንዲት ሴት በዝምድናም አለችኝ። ደብረ ብርሃን ያለች አክስቴ፣ በድፎ ዳቦዋ አገር የሚመሰክርላት፣ አንድ ማታ ስልክ ደውዬላት፦

«እትዬ፣ የድፎውን አሠራር ይንገሩኝ፣ ልጽፈው ነው።»

«ምኑ ይጻፋል ልጄ? ዱቄት ታቦካለህ፣ ትጋግራለህ።»

«ዱቄቱ ስንት ኪሎ?»

«እንደ ሰዉ ነዋ።»

«እሺ፣ ለአሥር ሰው።»

«ለአሥር ሰው ብሎ ድፎ! ምን ሆናችሁ ነው እናንተ አዲስ አበባ? ሰው አይመጣባችሁም?»

«ይሁን፣ ውኃውስ?»

«ሊጡ በቃኝ ሲልህ ትተዋለህ።»

«እንዴት ነው የሚለው?»

«እንግዲህ አቡክተህ አታውቅ፤ ቢልህም አትሰማው።»

ከዚያ ምጣዱ መጣ። ድፎ ከላይም ከታችም እሳት ይፈልጋልና ጥሩ ምጣድ ይጠይቃል። ጥሩ ምጣድ ነበራት፤ ለጎረቤቷ ክርስትና አዋሰችው፤ ተሰንጥቆ ተመለሰ። ጎረቤትየው «ሲሰጠኝም እንዲሁ ነበር» አለች። በዚህ ጠብ ስንት ሰርግና ስንት ተዝካር ተቆራርጠው አለፉ። ችግሩ፣ ለድፎው የሚነጠፈው ኮባ ያለው በጎረቤትየው ጓሮ ነው። ስለዚህ በዚያ ሁሉ የኩርፊያ ዘመን አክስቴ ድፎ ስትደፋ ሠራተኛዋን ልካ ነው ኮባ የምታስቆርጥ፤ ጎረቤትየውም ሳትሰስት ትሰጣለች፣ ሳትናገር። የተነጋገሩት በአክስቴ ባል ለቅሶ ነው። ጎረቤትየው ማንም ሳያዛት ሦስት ድፎ ይዛ ገባች። አክስቴ ቆርሳ ቀመሰችና «እሳቱ ከላይ አንሶታል» አለቻት። «ታዲያ ምጣዱ የአንቺው አይደል» አለችና ሁለቱም ሳቁ፤ ለቀስተኛው ደንግጦ ዞረ። ይህን ሁሉ ስትነግረኝ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ ነው። ወረቀቴ ላይ የሰፈረው «ዱቄት» የሚል ብቻ ነበር።

«እሺ እትዬ፣ ጥቁር አዝሙዱስ? ድንብላሉስ? ምን ምን ነው የሚገባበት?»

ትንሽ ዝም አለች።

«እሱን እኔው መጥቼ አደርግልሃለሁ።»

ልክ እንደ ሬቸል ናት፤ ሰናፍጩን ይዛ ቁጭ ብላለች። ግን ልብ በሉ፤ እስኪቬል አሠራር ልቦለድ ውስጥ ማስገባት ነበረባት፣ ኤፍሮንም፣ ፍሉክም። አክስቴ ግን ዳቦ ተጠይቃ ልቦለዱን ሰጠችኝ፤ ዳቦውን አስቀረች። የእኛ ደራሲዎች መጽሐፋቸው ውስጥ አሠራር የማይጽፉት ሰንፈው እንዳይመስላችሁ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ዳር እስከ ዳር ያነበበ ሰው ስለ ጎጃም ባላባት ብዙ ያውቃል፤ ጠጅ ለመጣል ስንት ጌሾ እንደሚገባ ግን ከዚያ አይማርም። ማን ነግሯቸው ይጻፉት? እናቶቻቸውም «እኔ መጥቼ አደርግልሃለሁ» ብለዋቸው ይሆናል።

ሌላም እንቅፋት አለ፤ ሰዓት። ኩኪስ ምድጃ ውስጥ የሚቆየው አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ለዚህ ነው ሐና በሁለት ፍንጭ መካከል ጋግራ፣ አቀዝቅዛ፣ ለፖሊሱ አቅርባ፣ ገዳይ ላይ የምትደርሰው። የእኛን መርማሪ እስቲ ዶሮ ወጥ ድስት ፊት አስቀምጧት። ገዳዩ ቃሊቲን አልፎ ወደ ደቡብ እየሸሸ ነው። ሽንኩርቱ ተልጦ፣ ደቅቆ ተከትፎ እስኪያልቅ ሞጆ ይደርሳል። ያለ ዘይት እየተማሰለ እስኪቁላላ ዝዋይን ያልፋል። በርበሬው ገብቶ እስኪበስል ሻሸመኔ ወርዶ ምሳ ይበላል። በሎሚና በጨው የታጠበው ዶሮ 12ቱ ብልት ተሟልቶ ሲገባ ሐዋሳ ነው፣ ሐይቁ ዳር። የተቀቀለው ዕንቁላል ተልጦ ሲጨመር ዲላ ደርሶ ቡና አዟል። መርማሪዋን ተነሺ ብትሏት አትነሳም፤ «ያርብኛል» ትላችኋለች። አብሯት ያለው ኢንስፔክተርም ወጡ ሳይወጣ ከዚያ ቤት የሚንቀሳቀስ እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ የእኛ የወንጀል ልቦለድ፣ የሚጽፈው ከተገኘ፣ በጨጨብሳ መጀመር ይኖርበታል። ዱቄቱ ቶሎ ይቦካል፣ ቂጣው ቶሎ ይነሳል፤ በትኩሱ ተቆራርሶ በቅቤና በበርበሬ እስኪታሽ ድረስ ገዳዩ ገና መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።